የስደተኛው ተዝካር በለንደን ውሃ ላይ

ሰውዬው የንጉሥ አማካሪ ነበር። ቅኔ ይቀኛል፣ አገሩን ይወዳል፣ አፉም አያርፍም። ንጉሡ ከምዕራብ በኩል ከተነሣው ጉልበተኛ ጎረቤት ጋር እንዳይሞዳሞድ ደጋግሞ መከረ። ከንጉሡ ጆሮ ሥር የሚውሉት ሰዎች ደግሞ ሥራቸው ነውና አሳበቁበት። ተባረረ። በስደት ላይ ሳለ ዓመታት አለፉ፤ የፈራውም አልቀረም፣ የአገሩ ዋና ከተማ በዚያው ጎረቤት እጅ ወደቀች። ይህን በሰማ ጊዜ ድንጋይ ታቅፎ ወንዝ ገባ።

አንባቢ ይህን ሲያነብ የትኛውን ቤተ መንግሥትና የትኛውን ባለሟል ማለቴ እንደሆነ ለማወቅ ቸኩሎ ይሆናል። አይድከም። ሰውዬው ቹ ዩዋን የሚባል የደቡብ ቻይና ባለቅኔ ነው፤ ሞተ የሚባለውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ዓመት ነው። የወንዙ ዳር ባላገር ሊያድነው በየጀልባው ተሯሯጠ ይባላል። ሳይደርስበት ሲቀር ዓሣው ሬሳውን እንዳይነካ ውሃውን በመቅዘፊያ እየመታ፣ ከበሮ እየደለቀ፣ ሩዝ ወደ ወንዙ በተነ። ከዚያ ወዲህ በቻይናውያን አቆጣጠር በአምስተኛው የጨረቃ ወር በአምስተኛው ቀን ጀልባ ይሽቀዳደማል፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይበላል። በእኛ አነጋገር ተዝካሩ ይወጣል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ግን ሽቅድምድሙ ከባለቅኔው በፊትም የነበረ፣ ለዝናብ የሚደረግ ጥንታዊ ልማድ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ በስደተኛ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው እንደመሆኔ መጠን የስደተኛውን ታሪክ መርጫለሁ።

ይህ ተዝካር ዛሬ ለንደን ውስጥም ይወጣል። ወደ ቤክተን በሚሄደው የዶክላንድስ ባቡር ተሳፍሮ ሮያል አልበርት ጣቢያ የወረደ ሰው ከፊቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ውሃ ያገኛል። ይህ በ1880 የተከፈተው የአልበርት ወደብ ነው። የዓለምን ሥጋ፣ ትምባሆና እህል ሲያራግፍ ኖሮ በ1981 ለንግድ መርከብ ተዘጋ። በ1987 ከጎኑ የለንደን ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተና አሁን አውሮፕላኑ ከቀዛፊዎቹ ራስ በላይ እያገሳ ያርፋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበጋ፣ የለንደን ሆንግ ኮንግ የድራጎን ጀልባ በዓል የሚደረገው እዚሁ ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ ሬጂንግ ድራገንስ፣ ቴምስ ድራገንስ፣ ዊንዲ ፓንዳስ የሚባሉት ክለቦች ቅዝቃዜ ሳይሉ ዝናብ ሲለማመዱ ይታያሉ። ቻይናውያን ብቻ አይምሰሏችሁ። ነርሱ፣ የባንክ ጸሐፊው፣ ፖላንዳዊው፣ ናይጄሪያዊቱ፣ ሁሉም አለ። የእኛ ሰው ግን ብዙም አይታይም።

ምናልባት ስሙ ይሆናል የሚያስፈራን። እኛ ደራጎን ብለን ያደግነው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋውን ነው። እንግሊዝም ጠባቂዋ ያው ጊዮርጊስ ነው፤ እነሱ በኤፕሪል 23፣ እኛ በሚያዝያ 23 እናከብራለን። ሆኖም የለንደን ሲቲ ወሰን በገባችሁ ቁጥር በየመንገዱ ዳር ክንፉን ዘርግቶ የሚቀበላችሁ ሐውልት የዘንዶ ነው፤ እንግሊዞቹ ነገሩን እንዴት እንዳስታረቁት እነሱ ያውቃሉ። ለቻይናዊው ግን ድራጎን ዝናብ አምጪ፣ የወንዝ ጌታ ነው እንጂ ሰይጣን አይደለም። በዓሉ ሲከፈት በጀልባው አፍንጫ ላይ የተቀረጸውን ራስ ዓይን በቀለም ይነኩታል፤ ያን ጊዜ ነቃ ይባላል።

ጀልባው 12 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ሃያ ቀዛፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአሥር ረድፍ ይቀመጣሉ። ከፊት ከበሮ መቺው ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ አዙሮ ይቀመጣል፤ ከኋላ መሪው ረጅም መቅዘፊያ ይዞ ይቆማል። ርቀቱ 200፣ 500፣ 1000 ወይም 2000 ሜትር ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ከ1829 ጀምሮ በቴምስ ላይ ከሚያደርጉት ፉክክር ጋር እንዳይምታታባችሁ። እዚያ መቅዘፊያው ከጀልባው ጋር የታሰረ ነው፤ ቀዛፊውም ጀርባውን ወደሚሄድበት ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ወደ ኋላ እየሄዱ ማሸነፍ የእንግሊዝ ጥበብ ነው። የድራጎን ጀልባ ቀዛፊ ግን ወደ ፊት ያያል፤ መቅዘፊያውም በእጁ ያለ፣ ከምንም ያልታሰረ ነው።

ጥሩ ቡድን 500 ሜትሩን ከሁለት ደቂቃ በታች ይጨርሳል። በየደቂቃው ሰባና ከዚያም በላይ ጊዜ ውሃውን ይመታል። ምቱ የክንድ ሥራ ይመስላል እንጂ የወገብና የእግር ነው፤ ቀዛፊው ከወገቡ ተጣምሞ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መቅዘፊያውን ይተክላል፣ ከዚያ በሰውነቱ ክብደት ይጎትታል። ሃያው መቅዘፊያ እኩል ካልተተከለ ጀልባው ይንገዋለላል። ከሌሎቹ ቀድሞ የሚመታ ጉልበተኛ ጀልባውን ከማፍጠን ይልቅ ያዘገየዋል፤ የፊተኛውን መቅዘፊያ ሲያጋጭ የረድፉ ምት በሙሉ ይበላሻል።

ስለ ከበሮ መቺው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው እሱ ያዛል፣ ሌላው ይከተላል ብሎ ያስባል። እውነቱ ሌላ ነው። የምቱን ፍጥነት የሚወስኑት ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሁለቱ ቀዛፊዎች ናቸው፤ ከኋላ ያሉት እነሱን አይተው ይመታሉ። ከበሮ መቺው የእነሱን እጅ እያየ ነው የሚደልቀው። ከእነሱ ምት የወጣ ከበሮ ጩኸት ብቻ ነው። የስደት ፖለቲካችንን ለሠላሳ ዓመት የተከታተለ ሰው ይህን ሲሰማ ለምን እንደሚስቅ ማብራራት አያሻኝም።

ሽቅድምድሙን ከዘመን ዘመን ያሻገሩት እነማን ናቸው? በሆንግ ኮንግ ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ታንካ የሚባሉት ትውልድ እስከ ትውልድ ጀልባ ላይ ተወልደው ጀልባ ላይ የሚሞቱ፣ የየብሱ ሰው የሚንቃቸው ሕዝብ ነበሩ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመንግሥት ሹመት ፈተና መቀመጥ ተከልክለው ነበር። እነሱ ራሳቸው ስሙን ስድብ ነው ስለሚሉ የውሃ ሰዎች መባልን ይመርጣሉ። ታንካ የሚለው ቃል ከእኛ ታንኳ ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ጣናን የሚያውቅ ሰው ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የጣናን ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። አማርኛ ይናገራሉ፣ የባሕሩን ጠባይ እንደ መዳፋቸው ያውቃሉ። ጉማሬ በሉ ተብለው ግን ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር። ባሕር ዳር ከተማ ስትሰፋም ከዳርቻው የተገፉት እነሱ ናቸው።

የዚያ ደንገል ወሬ ከጣና አልፎ ዓለም የሰማው በ1969 ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሃየርዳል ራ ብሎ በሰየማት የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ተነሣ። ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነበር። ሠሪዎቹን ግን ከቻድ ሐይቅ አመጣ። ጀልባዋ ሳምንታት በውቅያኖስ ላይ ተጉዛ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተበታተነች፤ በማግሥቱ ዓመት ራ ሁለተኛዋ ደረሰች። አገር ቤት ሳለሁ የወይጦን የታንኳ አሠራር ከቁም ነገር ቆጥሮ ገጽ የሚሰጥ አዘጋጅ አልገጠመኝም። ሆንግ ኮንግ ግን የተናቁትን ሰዎች ጀልባ አውጥታ ለእንግዳ አሳየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1976 የሆንግ ኮንግ የቱሪስት ማኅበር ዓሣ አጥማጆቹ በየመንደራቸው የሚያደርጉትን ሽቅድምድም ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ሊለውጠው አስቦ ከጃፓን ናጋሳኪ ቡድን ጋበዘ። ዓላማው ቱሪስት መሳብ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በ1986 ቫንኩቨር ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ጊዜ ደግሞ ሆንግ ኮንግ ጀልባዎቿን ወደ ካናዳ ላከች፤ ጀልባዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1987 የብሪታንያ የድራጎን ጀልባ ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1990 የአውሮፓው፣ በሰኔ 24 ቀን 1991 ደግሞ ሆንግ ኮንግ ላይ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን። የጀልባው ርዝመት፣ የመቅዘፊያው ልክ፣ የመነሻው ሥርዓት ተደነገገ። በ1995 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ዩዌያንግ ላይ ተደረገ። ቦታው እንዲሁ አልተመረጠም፤ ባለቅኔው የሰጠመበት የሚሉዎ ወንዝ በዚያው አካባቢ ነው። በ1999 ሻምፒዮናው እዚሁ እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም መጣ። በዓሉ ራሱ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ በ2010 ጓንጁ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ላይ ቅዘፋው ሜዳሊያ ተሰጠው።

እርግጥ ነው፣ ዋጋ ተከፍሎበታል። የእንጨቱ ጀልባ በፋይበርግላስ ተተካ። የድራጎኑ ራስ ለልምምድ ጊዜ ይነቀላል፤ ያለ ራሱ የሚሽቀዳደም ድራጎን ማየት ያስቃልም ያሳዝናልም። ብዙው ቀዛፊ የቹ ዩዋንን ስም ሰምቶ አያውቅም። ይህን አንድ የሆንግ ኮንግ ሽማግሌ ቢያማርሩ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፤ ለራሳቸው ብቻ ይዘውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ እናየው ነበር።

እንግዲህ ነገር ሲያድግ ባለቤት ነኝ ባይ ይበዛል። ዓለም አቀፉ የካኑ ፌዴሬሽን፣ ወደ ፊት እያዩ በመቅዘፊያ የሚነዱት ጀልባ ሁሉ የእኔ ነው አለ። የድራጎን ጀልባው ፌዴሬሽን ደግሞ እኛ ራሳችንን የቻልን ስፖርት ነን ብሎ እምቢ አለ። ከ2000ዎቹ ወዲህ ሁለት ፌዴሬሽን፣ ሁለት የዓለም ሻምፒዮና ሆነ። ጡጫው የወረደው እንደ ሁልጊዜው ቀዛፊው ላይ ነው። የፊሊፒንስን ቡድን ውሰዱ። የአገሪቱ የኦሎምፒክ ኮሚቴ የድራጎን ጀልባ ፌዴሬሽኑን ከአባልነት ሰርዞ ስፖርቱን በካኑ ሥር አደረገው። ቡድኑ የመንግሥት ድጎማ ተነፍጎት፣ ከየሰዉ ለምኖ በ2011 ፍሎሪዳ ታምፓ ሄደ፤ አምስት ወርቅ ይዞ ተመለሰ። ያን ጊዜ ትናንት ፊቱን ያዞረው ባለሥልጣን ሁሉ ፎቶግራፍ ለመነሣት ተሰለፈ።

እኛስ? በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሂውስተን ላይ ተጀምሮ በየዓመቱ ሕዝባችንን ያገናኘ ትልቅ ሥራ ነው። በ2012 ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ በዳላስ፣ አንዱ በዋሽንግተን ሁለት በዓል ሆነ። ቤተሰብ ቲኬት ሲቆርጥ የየትኛው ወገን ነህ ይባል እንደነበር የማያስታውስ የለም። ማን ጥፋተኛ እንደነበር ዛሬ አልመለስበትም፤ ብመለስበት ይህ ገጽ አይበቃም። የቻይናዎቹን ጠብ ያነሣሁት በሽታው የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው፤ እናንተ ኢትዮጵያውያን አትስማሙም ለሚለን ፈረንጅ መልስ ይሆናል።

አንድ ጀልባ ሁለት አገር ሲይዝም ታይቷል። በነሐሴ 2018 በእስያ ጨዋታዎች ላይ የሰሜንና የደቡብ ኮርያ ሴቶች በአንድ ጀልባ ተቀምጠው 500 ሜትሩን አሸነፉ። በትልቅ የብዙ ስፖርት ጨዋታ ላይ አንድነቱ ቡድን ወርቅ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። አብረው የተለማመዱት ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ሜዳሊያው ሲሰጥ የየአገራቸው መዝሙር ቀርቶ አሪራንግ የሚባለው የጋራ የሕዝብ ዘፈን ተሰማ። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አዲስ አበባና አሥመራም ተቃቅፈው ነበር። ከዚያ በኋላ በኮርያም በእኛም ምን እንደተከተለ አንባቢ ያውቃል።

ወደ አልበርት ወደብ ልመለስ። በዓሉን በገንዘብ ከሚደግፉት አንዱ ለንደን የሚገኘው የሆንግ ኮንግ መንግሥት የኢኮኖሚና የንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2020 የፀጥታው ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ብሪታንያም በጥር 31 ቀን 2021 ልዩ ቪዛ ከከፈተች ወዲህ፣ ከ100 ሺህ በላይ የሆንግ ኮንግ ሰው ወደዚህ አገር መጥቷል። ብዙዎቹ ያንን መንግሥት ሽሽት ነው የመጡት። ጀልባው የእነሱ ነው፣ ሩዙ የእነሱ ነው፣ ድንኳኑ ላይ ያለው ማኅተም ግን የሸሹት መንግሥት ነው። ይሂዱ ወይስ ይቅሩ? ኤምባሲያችን እንቁጣጣሽን ባዘጋጀ ቁጥር ዶሮ ወጡና ፖለቲካው የተጣሉበት ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። በ1980ዎቹም፣ በ1990ዎቹም፣ ትናንትም ጠይቀነዋል። እኔ ባልሄድኩባቸው ዓመታት እኔን ብዬ የቀረ አምባሳደር አላየሁም፤ ልጆቼ ግን የአገራቸውን ልጆች ሳያውቁ አደጉ። የቹ ዩዋን ቀዛፊዎች መፍትሔ ያገኙ ይመስለኛል፤ በዓሉ የአንድ ቀን ነው፣ ክለቡ ግን ዓመቱን በሙሉ የቀዛፊው ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? የለንደን ኮሚዩኒቲያችን ስፖርት ኳስ ነው። ኳሱ መልካም ነው። ግን ልጃገረዶቻችን ዳር ቆመው ያያሉ፤ እኛ ጉልበታችንን ያመመን ደግሞ ስለ ድሮው ቅዱስ ጊዮርጊስና መቻል እንከራከራለን። በድራጎን ጀልባ የድብልቅ ምድብ ውስጥ ከሃያው ቀዛፊ ቢያንስ ስምንቱ ሴት መሆን አለባቸው፤ ደንብ ነው። ከ40 ዓመት በላይ፣ ከ50 በላይ፣ ከ60 በላይ ለሆነም የየራሱ የዓለም ሻምፒዮና ምድብ አለ።

ለእናቶቻችንና ለእህቶቻችን በተለይ የምነግረው አለ። የጡት ካንሰር ስሙ በእኛ ቤት በሹክሹክታ ነው የሚነገር፤ ሴትዮዋ ታክማ ከዳነች በኋላም እቤት ትደበቃለች። በቀድሞው ጊዜ ሐኪሞችም ከቀዶ ጥገናው በኋላ በክንድሽ ከባድ ሥራ አትሥሪ፣ ያብጥብሻል ይሉ ነበር። በ1996 ቫንኩቨር ላይ ዶክተር ዶን ማኬንዚ ከበሽታው የተረፉ 24 ሴቶችን አሰባስቦ በድራጎን ጀልባ አስቀዘፋቸው። የተፈራው እብጠት አልመጣም። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዙ አገር አሉ፤ ሮዝ ልብስ ለብሰው ይቀዝፋሉ። በሴቶች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት ይህን ጉዳይ ብታነሣ ከአሥር የስብሰባ አጀንዳ ይበልጥ ነበር።

ውሃ መፍራታችን ግን ቀልድ አይደለም። ጀልባ ሲባል የብዙው ወጣታችን ሐሳብ ወደ ሊቢያ ባሕር ዳርቻ ነው የሚሄደው። በጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኤርትራዊ ወገናችን፣ በአንድ ሌሊት ሰጥሞ ቀርቷል። ባለፈው በጋ ከክለቦቹ በአንዱ ውስጥ የሚቀዝፍ አንድ የወሎ ልጅ አግኝቼ ነበር፤ ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። በ2014 በዚያው ባሕር የመጣ ነው። አሁን በቀኝ በኩል በሰባተኛው ረድፍ ይቀመጣል። ዋና ያልቻለ ሰው በዚያ ጀልባ እንዴት ገባህ ብዬ ጠየቅሁት። «መጀመሪያ ዋና ተማርኩ» አለኝ። «አሠልጣኟ ጃኬቱ ያንሳፍፍሃል ብትለኝም እምቢ አልኩ። እዚያም ጃኬት ሰጥተውን ነበር፣ ውስጡ ጥጥ ነበረ፤ ያ ነው የሚመጣብኝ።» ታዲያ አሁን አትፈራም? አልኩት። «እፈራለሁ እንጂ ጋሼ። ግን ያኔ እጄ ባዶ ነበር። አሁን መቅዘፊያ ይዣለሁ።» ይህን ብሎኝ ለማታ ፈረቃው እንዳይረፍድበት ወደ ባቡሩ ሮጠ።

ለማየት ለሚፈልግ ሰው ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። ክለቦቹ ጀማሪ ይቀበላሉ፤ መቅዘፊያውንና የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ያውሳሉ። ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ 50 ሜትር መዋኘት መቻል ያስፈልጋል፤ ያልቻለ በየሰፈሩ የሕዝብ መዋኛ አለና እዚያ ይጀምር። የሚቀየር ልብስ፣ ከተቻለም በፔርሙዝ ሻይ ይዛችሁ ኑ፤ የአልበርት ወደብ ንፋስ ለማንም አያዝንም። ትልቁ ጀልባ ሃያ ቀዛፊ ይፈልጋል፤ አሥር የሚይዝ ትንሹም አለ። እኔና የወሎው ልጅ ሁለት ነን፤ ስምንት ሰው ይጎድለናል። ከበሮ መቺ አንፈልግም፤ እሱ ሞልቶናል።